ረቡዕና ዓርብ የተመለሰው ወተት

ረቡዕና ዓርብ ወተት የማይጠጣ ሱፊ የለም። ዓረብ አገር የለም፣ ወሎ የለም፣ ልደታም ኖሮ አያውቅም። ይህን የምለው እየተናደድኩ ነው። ባለፈው ሰሞን አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቤቴ ድረስ መጣና ጣልያን አገር የታተመ አሮጌ መጽሐፍ ገልጦ፣ «አባባ፣ የአዲስ አበባ ሱፊዎች ረቡዕና ዓርብ ወተት የማይጠጡት ለምንድን ነው? እርስዎ ያውቃሉ ብለውኝ ነው» አለኝ። ሳቅኩ። ሳቄ ሳያልቅ እንባዬ ቀደመኝ። ልጁ ደንግጦ «ውኃ ላምጣልዎ?» ይላል። ያ መጽሐፍ ሲዘጋጅ ከጸሐፊው አጠገብ ቁጭ ብዬ የማስተረጉምለት እኔ ነበርኩ። ማን ያውራ የነበረ ይባላል፤ እንግዲህ ላውራ።

የካቲት ላይ ከተማው በደም ከታጠበ በኋላ የመጣው ክረምት ነበር። ቤታችን ከልደታ ማርያም ዝቅ ብሎ፣ ወደ ሰንጋ ተራ በሚያወርደው ቁልቁለት ላይ ነው። እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜና እኔ ነበርን፤ አባታችንን በልጅነታችን አጥተነዋል። ወንድሜ ቁመቱ ጉድ ነበር፤ ሰፈሩ «ባሕር ዛፉ» ነበር የሚለው። በበራችን ሲገባም ሲወጣም ጎንበስ ካላለ ግንባሩን ይገጨው ስለነበር፣ እናቴ ጉበኑ ላይ አሮጌ ነጠላ አጣጥፋ በምስማር መትታለታለች። «አንተ ልጅ፣ ወይ ጎንበስ በል ወይ ቤት ሥራ» ትለው ነበር። እሱ ሁለቱንም ሳያደርግ፣ የካቲት ያየውን አይቶ፣ አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ወጣ። ጫካ ገባ፤ አርበኛ ሆነ።

እናቴ ለጎረቤት «ለሥራ ጅማ ሄደ» አለች። እውነቱ ቢታወቅ ቤታችን ይቃጠላል፣ እኛም ሰው በማይመለስበት መኪና እንጫናለን። እሱ ከተያዘ ደግሞ ያው ገመድ ነው። እኔና እናቴ ሌላው ቀርቶ ለብቻችን ስንሆን እንኳ ስሙን አናነሳም ነበር። ግድግዳም ጆሮ አለው። ነጠላው ብቻ ጉበኑ ላይ እንደተመታ ቀረ፤ እኔ በሥሩ ቀጥ ብዬ አልፋለሁ፣ እሷም ታልፋለች።

እኔ ከሚሲዮን ትምህርት ቤት የለቃቀምኳት ጣልያንኛ ነበረችኝ። በሷ ሰበብ አንድ መሥሪያ ቤት አስተርጓሚ አድርጎ ወሰደኝ። ባንዳ ያሉኝ ነበሩ፤ ይበሉ! ከረሃብ ጋር ፊት ለፊት የተፋጠጠ ሰው ሥራ አያማርጥም። ደግሞም ወንድሙ ጫካ ላለ ሰው ከጣልያን ጉያ የተሻለ መደበቂያ የት አለ?

የደረሰኝ ጣልያን ሽማግሌ ነው፤ ፕሮፌሶሬ ይሉታል። አጭር፣ መነጽሩ የጠርሙስ ቂጥ የሚያህል፣ የልደታ ብርድ አልስማማ ብሎት ሲያነጥስ የሚውል ሰው። ማንንም በጥፊ ሲመታ አይቼው አላውቅም፤ በዚያ ዘመን ይህም ምስጋና ነበር። የተላከው የእስላሞችን ነገር እንዲያጠና ነው። የጣልያን መንግሥት እስላሞችን ሊያባብል ፈልጎ ነበርና የትኛው ሼህ ይሰማል፣ ማን የማን ተከታይ ነው፣ በየቤቱ የሚመታው ድቤ ምን ይላል፣ ይህን ሁሉ ማወቅ ይሻል። ሰውዬው ግን ለራሱ የሱፊዎችን ነገር ወድዶታል። ዓረብኛውን እኔ ዳዊት ከምደግመው በላይ አቀላጥፎ ያነባል። አማርኛ ላይ ሲደርስ ግን «ደና ዋል» ብሎ ያልቅበታል። በየሄድንበት አንድ አስካሪ፣ የጣልያን ቅጥር ወታደር፣ ጠመንጃውን ይዞ ይከተለናል፤ የሐማሴን ሰው፣ ረጅም፣ ዝምተኛ። በር ላይ ይቆማል፣ ስንወጣ ይከተላል፤ ሌላ ነገር የለውም።

ፕሮፌሶሬው የመረጠው የማንን ቤት መሰላችሁ? የጎረቤታችንን! ሼሁ ከወሎ መጥተው ከእኛ ጋር አጥር ከተጋሩ እኔ ከመወለዴ በፊት ነው። ቀን ቀን ልጆች ቁርዓን ያስቀራሉ፣ ሐሙስ ከሰዓት ደግሞ ሰዎች ተሰብስበው ድቤ እየመቱ መንዙማ ያዜማሉ። ያደግኩት በአንድ ጆሮዬ የልደታን ከበሮ፣ በሌላው የሼሁን ድቤ እየሰማሁ ነው። እናቴና የሼሁ ባለቤት ደግሞ ወንፊቱን ብትል፣ ጨውን ብትል፣ እሳቱን ብትል፣ ከሥጋ በቀር ያልተካፈሉት ነገር የለም።

ፕሮፌሶሬው ይጠይቃል፣ ሼሁ ይመልሳሉ፣ እኔ መሐል ቁጭ ብዬ አስተረጉማለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ አጥር ለአጥር ኖረን እኔ ስለ ጎረቤቶቻችን የማውቀው ነገር አልነበረም። ዚክር ምንድን ነው ሲላቸው፣ «ሰው ስሙን እየጠሩ ካልቀሰቀሱት ይተኛል» አሉ። «እኛ የአላህን ስም ስንጠራ የምንቀሰቅሰው ራሳችንን ነው፤ እሱማ መች ተኝቶ ያውቃል?» ይህን ሳስተረጉም ሰውዬው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። የአስተማሪያቸውን አስተማሪ፣ የእሱንም አስተማሪ ወደ ኋላ እየቆጠሩ ሲወርዱ ደግሞ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። የልደታው የኔታዬ ዜማ ከማን እንደተማሩ ሲቆጥሩ ቁርጥ እንዲህ ነበሩ።

ፍልሰታ በተፈታ ሰሞን አንድ ከሰዓት፣ ፕሮፌሶሬው በሼሁ ጓሮ ያለችውን የጭቃ ክፍል አየ። መስኮት የላትም። በሯ ዝቅተኛ ናት፤ ከበሩ ጎን ትሪ የምታሳልፍ ቀዳዳ አለች፣ እሷም ላይ መጋረጃ ወርዶባታል። «ይህ ምንድን ነው?» አለ።

«ኸልዋ ነው» አሉ ሼሁ፤ ድምፃቸው ትንሽ ዘግየት ብሎ ነው የወጣው። «አንድ ሰው ገብቷል። አርባ ቀን ከሰው ተለይቶ ከፈጣሪው ጋር ይቀመጣል። አይታይም፣ አያይም፣ አይናገርም። ጀንበር ስትጠልቅ ጥቂት ይቀምሳል።»

«እዚያ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«መሞት ይማራል።»

ፕሮፌሶሬው በደስታ ሊበር ደረሰ። ከመጽሐፍ በቀር በዓይኑ አይቶት አያውቅም ኖሯል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ታጣፊ በርጩማውን ክፍሏ ፊት ለፊት ዘርግቶ እስከ መግሪብ ሶላት ይቀመጥ ጀመር። ሼሁ እምቢ አይሉት ነገር ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዟል። «እሺ፣ ግን ማንም ወደ በሩ አይጠጋም» አሉ፤ እሱም ቃሉን ጠበቀ።

እናቴ ደግሞ በዚያው ሰሞን አዲስ ነገር አመጣች። ከሰዓት ከሰዓት የገብስ ቂጣ ጋግራ በአጥሩ ቀዳዳ ለሼሁ ባለቤት ታቀብላለች፤ ኸልዋ ለገባው ሰው። ሰፈሩ ማማት ጀመረ። «ልጇ ጅማ ቀለጠባትና ልትሰልም ነው» ተባለ። ተናደድኩ። «እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው? ነገ የነፍስ አባትሽ ቢሰሙስ?» አልኳት።

«ስለት አለብኝ።»

«የምን ስለት?»

«የልጄ» አለችና ወደ ምጣዷ ዞረች። ምን እላለሁ? ወንድሜን በደህና መልስልኝ ብላ ተስላ ነው ብዬ ተውኳት።

አሁን ወደ ወተቱ ልምጣ። ጀንበር ስታዘቀዝቅ የሼሁ ባለቤት የእናቴን ቂጣና አንድ ኩባያ የላማቸውን ወተት በትሪ አድርገው በመጋረጃው ሥር ይገፉታል። ትንሽ ቆይቶ ባዶው ትሪ ይወጣል። ፕሮፌሶሬው ሁሉን ይጽፋል፤ ሳል ቢሰማ ይጽፋል፣ ዶሮ ብታልፍ ይጽፋል። አንዳንድ ቀን ቂጣው ተበልቶ ወተቱ ሳይነካ እንደሚመለስ ያየው እሱ ነው። ነገሩ እንቅልፍ ነሳው። ጨረቃዋን ተከትሎ ይሆን ብሎ ቆጠረ፣ አልገጠመም። እስላሞች በፈቃዳቸው የሚጾሙት ሰኞና ሐሙስ ነው፣ በዚያ ሞከረ፣ አልገጠመም። እኔ «ሆዱን አሞት ይሆናል» አልኩት። በትዝብት አየኝ።

አንድ ቀን እንደ ልማዳችን ተቀምጠን ሳለ የሼሁ ባለቤት ትሪውን ካስገቡ በኋላ፣ በር ላይ የቆመው አስካሪ አሳዘናቸውና ለእሱም በኩባያ ወተት ይዘው ሄዱ። እንግዳ ጾሙን ከደጃቸው አይሄድም፤ ጠመንጃ ቢይዝም እንግዳ ነው። አስካሪው ኩባያውን በሁለት እጁ ወደሳቸው ገፋ አደረገና፣ «ዛሬ ዓርብ አይደለም እንዴ እናቴ?» አላቸው።

«ውይ! ክርስቲያን መሆንህን ረስቼ፤ አፉ በለኝ ልጄ» አሉና ኩባያውን ይዘው ተመለሱ። በክፍሏ አጠገብ ሲያልፉ ትሪው ከመጋረጃው ሥር ወጣ። ቂጣው የለም። ወተቱ እስከ አፉ ሙሉ ነው። ሴትዮዋ ጎንበስ ብለው ትሪውን ሲያነሱ፣ የአስካሪውን ኩባያ ከዚያኛው ጎን አስቀመጡት።

ሁለቱ ኩባያዎች ጎን ለጎን ሆኑ። እኔ ክው አልኩ።

በስመ አብ! እዚያ ውስጥ ያለው ሰው እስላም አይደለም። ክርስቲያን ነው። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም፣ የተደበቀ ክርስቲያን! እናቴም በየቀኑ በእጇ ጋግራ ታበላዋለች፤ «የልጄ ስለት» እያለች! አጥሩን ደገፍ አልኩ። ወንድሜ ነው። አሥር ክንድ ከማይሞላ ርቀት፣ በጣልያን ዓይን ሥር፣ ወንድሜ ቁጭ ብሎ ቂጣውን በልቶ ወተቱን ይመልሳል። ያ ሞኝ! አንገቱ ገመድ ውስጥ ገብቶ ረቡዕ ዓርብ ይጾማል! መጾሙንስ ይጹም፣ ወተቱን መሬት ላይ ቢያፈሰው ምን ነበረበት? አዎ፣ እህል አይደፋም ተብለን ነው ያደግነው። የእናቴ ልጅ መሆኑን ለማረጋገጥ ከዚህ በላይ ምን ያሻል?

ቀና ስል አስካሪው ኩባያዎቹን እያየ ነው። ከኩባያዎቹ ወደ ክፍሏ፣ ከክፍሏ ወደ እኔ አየ። እሱም ገብቶታል።

በዚያው ቅጽበት ፕሮፌሶሬው ጭኑን መትቶ ጮኸ። «ረቡዕና ዓርብ! ሁልጊዜ ረቡዕና ዓርብ ነው! በየትኛውም የዓረብ መጽሐፍ የለም!» መጻሕፍቱን ሁሉ በአእምሮው እያገላበጠ ከደጁ ያለውን ልደታን አላየም። ክርኔን ይዞ ወደ ሼሁ ጎተተኝ። «ጠይቃቸው፤ ለምንድን ነው ይህ ሰው ረቡዕና ዓርብ ወተት የማይጠጣው?»

ጠየቅኩ። ሼሁ ሁለቱን ኩባያዎች አዩ፣ ባለቤታቸውን አዩ። ሴትዮዋ ትሪውን እንደያዙ ድንጋይ ሆነዋል። ሼሁ በሕይወታቸው ሲዋሹ የሰማ ሰው የለም፤ ሰፈሩ በሳቸው ስም ነው የሚምለው።

«ንገረው» አሉኝ ረጋ ብለው፣ «ይህን ልማድ ያገኘው ከእናቱ ነው።»

አስተረጎምኩ። ፕሮፌሶሬው «ከእናቱ! በእናቶች በኩል የሚወረስ ሥርዓት!» እያለ ጻፈ። እኔ ግን «ከእናቱ» ያሉትን ስለ እናቴ እንደተናገሩ ቆጥሬ በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ቤታችን አየሁ።

እናንተዬ፣ ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀናት እንዴት ልንገራችሁ? ቤት ስገባ እናቴ ምስር ስትለቅም አገኘኋት። ልናገር አፌን ከፈትኩ። «ምነው?» አለችኝ። «ምንም» አልኩ። ደብቃኛለች፣ ከጣልያን ጋር የሚውል ልጅ አይታመንም ብላ ነው፣ እውነቷን ነው፤ ምስጢሯን ይዛ ትደር አልኩ። ሆድ ይፍጀው። ጉበኑ ላይ የተመታውን ነጠላ እያየሁ ግን በልቤ «ጠብቅ፣ ይመጣል» እለው ነበር። ጓሮው ስንቀመጥ ከክፍሏ ሳል ሲሰማ፣ የወንድሜ ሳል ነው ብዬ በልደታ እምል ነበር። አስካሪው ወሬ ያወጣ እንደሆነ እያልኩ ደግሞ በየቀኑ እሞታለሁ። እሱ እንደ ወትሮው በር ላይ ቆሟል። በሚቀጥለው ረቡዕ የሼሁ ባለቤት ወተቱን እንደ ወትሮው ይዘው መጡ፤ ቢቀር ሰውዬው ይጠይቃላ! ግማሹን ግን ትሪው ላይ አፈሰሱት።

መስቀል ባለፈ ማግሥት ፕሮፌሶሬው ሌላ መርዶ ይዞ መጣ። ሰውየው ከኸልዋ ሲወጣ ፎቶ ያነሳዋል። ፊቱን፣ በደንብ። ለመጽሐፉም ለመሥሪያ ቤቱም ይሆናል።

ለመሥሪያ ቤቱ! የሚፈለጉ ሰዎችን መልክ እያነጻጸሩ የሚውሉበት መሥሪያ ቤት! ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፣ ማርያም አፌ ላይ አስቀመጠችው። «አይሆንም» አልኩት። «ከኸልዋ የወጣ ሰው፣ እናቱ ቤት ደርሶ እናቱ ካላየችው በቀር ፊቱ ለማንም አይታይም። ከባድ ነውር ነው።»

ግንባሩን ቋጠረ። «ይህም በመጽሐፍ የለም።»

«የእኛ አገር ነው» አልኩ።

«የእናንተ አገር!» አለና ፊቱ በራ፣ ጻፈው። ይህችም ተማሪው ባመጣው መጽሐፍ ውስጥ አለች፤ የፈጠርኳት እኔ ነኝ።

ለሼሁ ብቻቸውን ሳገኛቸው እንዲህ ብየዋለሁ ብዬ ነገርኳቸው። ጢማቸውን እያሻሹ ብዙ አዩኝ። «እንዲህ ያለ ልማድ የለንም» አሉ። አፈርኩ። «ግን ወላሂ ጥሩ ልማድ ነው። እንሸፍነዋለን» አሉኝ።

የመውጫው ቀን ግቢው በሰው ሞላ። ድቤው ይመታል፣ መንዙማው ይዜማል፣ ደረሶቹ፣ ማለት የሼሁ ተማሪዎች፣ ነጭ ለብሰው በሁለት ተራ ቆመዋል። እናቴ ከሴቶቹ ጋር በአጥሩ ጥግ ነጠላዋን ዝቅ አድርጋ ቆማለች። ፊቷን እያየሁ፣ «አይዞሽ እማዬ፣ እኔም አውቃለሁ» ማለት ፈለግኩ። ፕሮፌሶሬው ባለሦስት እግሩን ካሜራ ተክሏል። አስካሪው በር ላይ ነው። ሼሁ ሄደው ያቺን ዝቅተኛ በር ከፈቱ።

እኔ በሐሳቤ ወንድሜን በሁለት ታጥፎ ሲወጣ አየሁት። ባሕር ዛፉ፣ አንገቱን ሰብሮ፣ ግንባሩን እንዳይገጭ በእጁ ጉበኑን ይዞ።

ከራሱ እስከ እግሩ በነጭ ኩታ የተሸፈነ ሰው ወጣ። ጎንበስ ሳይል ወጣ።

አልገባኝም። ከኋላው ሌላ ሰው ይወጣል ብዬ ጠበቅኩ። በሩ እንደተከፈተ ነው፤ ውስጡ አንዲት ሰሌን ተዘርግታለች፣ ሌላ ምንም የለም። ሰውየውን እንደገና አየሁት። ሼሁ ትከሻ ላይ ነው የሚደርሰው። አጭር ነው! የማንንም እናት ልጅ ሊሆን ይችላል፣ የእናቴን ግን አይሆንም! ድቤው ጆሮዬ ውስጥ ጠፋ፣ ሰዉ ሁሉ አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ ብቻ ይታየኛል። ስንት ቀን ሙሉ የማን ሳል ነው ስሰማ የነበረው?

ፕሮፌሶሬው ጎኔን ነካ አደረገኝ። «ትንሽ ብቻ፣ እስከ ዓይኑ ድረስ ገለጥ ቢያደርገው ጠይቅልኝ» አለኝ። ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። ደገመልኝ። እሱ መልሴን ሳይጠብቅ እጁን ዘርግቶ ወደ ሰውየው ሄደ። ሰውየው ሲሸሽ ኩታው ከአንገቱ ሸርተት አለ፤ ጥቁር ማተቡ ታየ። ማተብ ደግሞ የክርስቲያን ምልክት መሆኑን ያ ሁሉ መጽሐፍ ያነበበ ሰው ባያውቅ እንኳ፣ መሥሪያ ቤቱ ፎቶውን ሲያይ አያጣውም።

አስካሪው ከበሩ ተነሳ። በሦስት እርምጃ መሐላቸው ገባ። አለቀ አልኩ፣ ዓይኔን ልጨፍን ፈለግኩ፣ እሱም እምቢ አለኝ። አስካሪው የኩታውን ጫፍ ያዘ፣ ወደ ላይ ሳበ፣ አንገቱ ላይ አጥብቆ ጠመጠመለት። ወደ ፕሮፌሶሬው ዞሮም በዚያች በተሰባበረች ጣልያንኛው፣ «ፕሪማ ላ ማማ፣ ሲኞሬ» አለው። መጀመሪያ እናቱ ማለቱ ነው። የእኔን ውሸት ቆሞ ሲሰማ ኖሯል።

ፕሮፌሶሬው ሳቀ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ ፊቱ እንደተሸፈነ አነሳው። ተማሪው መጽሐፉ ውስጥ ያሳየኝ ፎቶ ያ ነው። ደረሶቹ ሰውየውን መሐል አድርገው እያዜሙ ወደ ሰንጋ ተራ አወረዱት፤ ከዚያ ከከብት ነጋዴዎች ጋር ወጥቶ ሄደ። ስሙን እስከ ዛሬ አላውቀውም። የዚያን ቀን መንዙማው አልቆ ሰዉ መበተን ሲጀምር እናቴን ፈለግኳት፤ የለችም።

ቤት ስደርስ በራችን ላይ በርጩማ ላይ ቆማለች። በቢላ ጫፍ የጉበኑን ምስማር እየነቀለች ነው። ነጠላው ግማሹ ተንጠልጥሏል።

«እማዬ» አልኩ፣ «እሱ አይደለም።»

«አይደለም» አለች ሳትዞር።

«ታውቂ ነበር?»

«ፍልሰታ በተፈታ ማግሥት መጣ። አንተ ሥራ ነበርክ። ዝናብ ደብድቦት፣ እዚችው በር ላይ ቆሞ እጄን ይዞ ነገረኝ። ከወንድምህ ጋር ነበር። በእጁ ነው የቀበረው።» ምስማሩን ነቀለች፣ ወደሚቀጥለው ሄደች። «የሚሄድበት የለውም፣ እየፈለጉት ነው። በአጥሩ ቀዳዳ ወስጄ ለሼሁ ሰጠኋቸው። ስሙን እንኳ አልጠየቁትም።»

ማን ያርዳ የቀበረ። ከተረቱ እኩሌታውን በየደጁ ስንለው እንኖራለን፣ ይህችኛዋን እኩሌታ ሲደርስብን ነው የምንሰማት።

«ቂጣውስ?» አልኳት። ድምፄ የሌላ ሰው ይመስለኛል።

«ተስካሩ ነዋ!» አለችና ያን ጊዜ ዞረች። «ካህን ጠርቼ፣ ድንኳን ጥዬ ላውጣለት? ማን ሞተብሽ ቢሉኝ ምን ልላቸው? የቀበረውን ሰው አበላሁለት። አርባውን ቀን ሙሉ የልጄን ተስካር አወጣሁ።»

ተናደድኩ፤ አዎ፣ በእናቴ ላይ ተናደድኩ። «እንዴት አትነግሪኝም? እኔ እኮ እሱ ነው ብዬ፣ በየቀኑ፣ እዚያ ጓሮ ቁጭ ብዬ...»

ከበርጩማው ላይ ቁልቁል አየችኝ። እሷም ደነገጠች፤ ድንጋጤዋን አየሁት። «እሱ ነው ብለህ ነበር?» አለች። «ታዲያ አንተስ መቼ ነገርከኝ?»

እኔ ለሷ አዝኜ፣ እሷ ለእኔ አዝና፣ በአንድ ጣራ ሥር አንዳችን ሙት ይዘን አንዳችን ደግሞ ያንኑ ሙት በሕይወት ይዘን ከርመናል። የመጨረሻውን ምስማር ነቀለች። ነጠላውን አጣጥፋ እጄ ላይ አስቀመጠችና ወረደች። በሩን ዘጋች።

«በል፣ መርዶው ከመጣ አርባው ዛሬ ነው። አልቅስ» አለችኝ። «ቀስ ብለህ ግን።»

ነጠላውን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ መሬት ላይ ተደፋሁ። የወንድሜ ግንባር ይገጨው የነበረው ቦታ ጥቀርሻ ጥቀርሻ ይላል። ድምፄ እንዳይወጣ ስታገል ትንፋሽ አጣሁ።

ያን ጊዜ ከአጥሩ ማዶ፣ አልቆ የተበተነው ድቤ እንደገና ተመታ። አንድ ሰው ጀመረው፣ ሌሎች ተቀበሉት፣ እንደዚያ ጠንክሮ ሲመታ ሰምቼ አላውቅም፤ ግድግዳችን ይነዝራል። የሼሁ ባለቤት ድምፅ ከሁሉም በላይ ይሰማል። እናቴ ጭንቅላቷን ወደ አጥሩ አዘንብላ አዳመጠች። ለማን እንደሚመታ፣ የማንን ልቅሶ እንደሚሸፍን ገባት። ነጠላውን ከአፌ ውስጥ ሳብ አድርጋ አወጣችው፣ ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረችው፣ ደረቷን መታች፣ ፍልሰታ ከተፈታ ጀምሮ የያዘችውን ስሙን ጠርታ ጮኸች።